ከእማዬ ጋር ዱባይ፦ የሦስቱ ተርሚናሎች ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ቦሌ

ኅዳር ሲታጠን ነው። በየሰፈሩ የተጠረገው ቆሻሻ ይነዳል። ቦሌ መንገድ ላይ ሳይቀር ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ቲኬቱ ለዚህ ቀን እንዲቆረጥ ያደረገችው እማዬ ናት። "ሚካኤልን ሳላነግሥ የትም አልሄድም" ስላለች በረራው የማታ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶሮንቶ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለሥራ ስልጠና ዱባይ ይመጣል። አዲስ አበባ ለመድረስ ግን ቀን አይተርፈውም። እማዬ ካየችው ዓመታት አልፈዋል። "እሱ ካልቻለ እኛ እንሄድለታለን" አለች። እኔ አጃቢ ሆንኩ።

በእኛ ፓስፖርት ዱባይ ደርሶ በር ላይ ቪዛ ማስመታት አይቻልም፤ ቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል። እኛ በጉዞ ወኪል በኩል አወጣን። ሻንጣው ግን ከቪዛው ይበልጥ አደከመን። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ኮሮሪማ፣ ቆሎ፣ አንድ ጣሳ ንጥር ቅቤ። ቅቤው የግድ በሚጫነው ሻንጣ መግባት አለበት፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽና ቅባት በእጅ ሻንጣ ይዞ ማለፍ የለም። የእማዬን የደም ግፊት መድኃኒት ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩ። እዚያ አገር በመድኃኒት ቀልድ የለም። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው ማስታገሻዎች ያለ ፈቃድ ከተገኙ መዘዝ አላቸው። ጫት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

ቲኬት የቆረጠልን ሰው "ዊልቸር አስመዝግቤያለሁ" ብሎን ነበር። ቼክ ኢን ላይ ስንጠይቅ ስሟ የለም። ደግነቱ ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ ወዲያው አስተካከለችው፤ አገልግሎቱ ክፍያ የለውም። እማዬ መጀመሪያ "እኔ እግር የለኝም እንዴ?" ብላ ተኮሳተረች። ሰልፉን ሁሉ በጎን እያለፍን ስንሄድ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ዘና አለች።

አርብ ንጋት፣ ተርሚናል 1

በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ወረድን። በዚያ ሰዓት ቦሌ ጭር ማለት ይጀምራል። እዚህ ግን መርካቶ በበዓል ዋዜማ በለው።

እዚህ ላይ ነገሩን በደንብ ላስረዳ፤ ዱባይን የሚያልፍ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። የዱባይ ኢንተርናሽናል ሦስት ተርሚናሎች አሉት። ተርሚናል 3 የኤምሬትስ ቤት ነው። ተርሚናል 1 የኢትዮጵያን ጨምሮ የብዙ የውጭ አየር መንገዶች ነው። ተርሚናል 2 ደግሞ ከማኮብኮቢያው ማዶ፣ ለብቻው ነው። አብዛኞቹ የፍላይዱባይ በረራዎች ከዚያ ይነሳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ከ3ም ይነሳሉ። ስለዚህ "ዱባይ ኤርፖርት ነኝ" የሚል ሰው ገና የት እንዳለ አልተናገረም። ቲኬት ላይ ከሰዓቱም በፊት የተርሚናሉን ቁጥር እዩ። ሜትሮው ተርሚናል 1 እና 3 ይደርሳል። ተርሚናል 2 ግን አይደርስም፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አውቶቡስ ወይም ታክሲ ይይዛል።

አውሮፕላኑ ያወረደን ኮንኮርስ ዲ በሚባለው ክንፍ ነው። ከዚያ ወደ ተርሚናል 1 ዋናው ሕንፃ የሚያደርሰው ሹፌር የሌለው ባቡር ነው። እማዬ በሩ ሲዘጋ የፊቱን መስታወት አየች። "ሹፌሩስ?" "የለውም እማዬ፤ ራሱ ነው የሚሄደው።" አማተበች። ዊልቸሩን የሚገፋው ልጅ ኔፓላዊ ነው። ቋንቋ ባይገባውም ሳቀ፤ በየቀኑ የሚያየው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ፓስፖርት ቁጥጥሩ ላይ የዓይን ፎቶ ያነሳሉ። ነጠላዋን ከግንባሯ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አድርጋ ቆመች፤ አለቀ። ከሻንጣ መረከቢያው በኋላ አንድ ፍተሻ አለ። ሻንጣው በማሽን ሲያልፍ የበርበሬው ላስቲክ አጠራጠራቸው መሰለኝ፣ አስከፈቱን። አንዱ ፈታሽ ጠጋ ብሎ አሸተተና ሁለቴ አስነጠሰው። በእጁ "ሂዱ፣ ሂዱ" አለን። ጥሬ ገንዘብና ወርቅ የሚይዝ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ዋጋው ከ60,000 ድርሃም ካለፈ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

ዋይፋዩ ነፃ ነው። ለሰላም መድረሳችንን የነገርናት በእሱ ነው። ሰላም የአክስቴ ልጅ ናት፤ ተርሚናል 3 ካሉት ካፌዎች በአንዱ ትሠራለች። ያን ሌሊት ተራዋ ነበር። አንድ አየር ማረፊያ ውስጥ ሆነን መገናኘት አልቻልንም፤ እሷ ያለችው ከፓስፖርት ቁጥጥሩ ወዲያ፣ በሌላ ተርሚናል ነው።

ሜትሮው ገና አልተከፈተም። ታክሲ ተራው ላይ ጣሪያቸው ሮዝ የሆኑ መኪኖች ቆመዋል፤ ሴቶች የሚነዷቸው፣ ለሴቶችና ለቤተሰብ የሚሆኑ ናቸው። እማዬ ሹፌሯን ስታይ ያለ ምንም ጥያቄ ገባች። ከኤርፖርት የሚነሳ ታክሲ ቆጣሪው ከ25 ድርሃም ይጀምራል። ዴይራ፣ ሪጋ የሚባለው ሰፈር ስንደርስ 38 አለ። ድርሃሙን በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ ከ33 ብር በላይ አድርጋችሁ ምቱት። እኔ መምታቱን በሁለተኛው ቀን ተውኩት፤ ሆድ ያስብሳል።

አርብ፣ ዴይራ

የያዝነው ሆቴል ክፍል የሚሰጠው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው። ቀድሞ ለመግባት የግማሽ ቀን ጨምሩ አሉን። እማዬ "ለእንቅልፍ እንዲህ አይከፈልም" ብላ ሎቢው ሶፋ ላይ ጋቢዋን ደርባ ተኛች። ማንም ምንም አላላትም። ለመክፈል ስንዘጋጅ ደግሞ ከክፍሉ ዋጋ ሌላ "ቱሪዝም ድርሃም" የሚባል የየሌሊት ክፍያ ወጣ። በሁሉም ሆቴል ያለ ነው፤ ዋጋ ስትጠይቁ አብራችሁ ጠይቁ።

ሰላም ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። እማዬን አቅፋ "አክስቴ፣ እርስዎ እዚህ? እኔ አላምንም!" እያለች ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለባት። ከዚያ ካራክ ሻይ ጋበዘችን፤ ወተት ያለው፣ በቅመም የተፈላ ሻይ ነው፣ 2 ድርሃም። የምትሠራበት ካፌ ግን አንድ ማኪያቶ 25 ድርሃም ይሸጣል። "እኔ ራሴ እዚያ አልጠጣም" አለች።

ቀኑ አርብ ስለሆነ ምሳ በያይነቱ በላን። ዴይራ ውስጥ የአበሻ ምግብ ቤት መፈለግ አይከብድም። ሦስታችን ሁለት ትሪ፣ በትሪ 28 ድርሃም። እንጀራው ትንሽ ነጣ ያለ ነው። እማዬ ጫፉን ቆርሳ በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገችና "ሩዝ ገብቶበታል" አለች። አስተናጋጇ መልስ አልሰጠችም፤ ሽሮውን ግን ጨመረችልን።

ከሰዓት ወደ ክሪኩ ወረድን፤ ዴይራንና ቡር ዱባይን የሚለየው የባሕር ሰርጥ ነው። በአብራ፣ በእንጨት ጀልባ ማለት ነው፣ ከዴይራ ወደ ቡር ዱባይ መሻገር 1 ድርሃም ነው። ዱባይ ላይ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የተደሰትኩበት ይሄ ነው።

ማታ ስልክ ስንሰካ ሶኬቱ የእንግሊዝ ዓይነት፣ ሦስት ቀዳዳ ሆነብን። የእኛ ባለ ሁለት እግር ቻርጀር አይገባም። ማስተካከያ በየሱቁ ሞልቷል፤ ኤርፖርት ውስጥ ግን አትግዙ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፣ ተርሚናል 3

ወንድሜ እኩለ ቀን አካባቢ ይገባል። ቅዳሜ ደግሞ የነቢያት ጾም ቅበላ ነው፤ እሑድ ጾሙ ይገባል። እማዬ ይህን ስሌት ከአዲስ አበባ ሳትነሳ ሠርታ ጨርሳዋለች። ዶሮው በዚህ ቀን ካልተበላ እስከ ገና የለም። ሽንኩርቱን በሌሊት ሰላም ቤት አቁላልታ ነው የወጣችው።

በሜትሮ ሄድን። የሚያስፈልጋችሁ ኖል የሚባል ካርድ ነው። ብርማው 25 ድርሃም ነው፤ ከዚያ ውስጥ 19ኙ ሒሳብ ሆኖ ይቀመጥላችኋል። ጉዞው በአንድ ዞን ውስጥ ከሆነ 3 ድርሃም፣ ሁለት ተጎራባች ዞን 5፣ ከዚያ በላይ 7 ድርሃም ከ50 ነው። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ፉርጎ አለ፤ እዚያ ገባን። እማዬ እንደተቀመጠች ከቦርሳዋ ቆሎ አወጣች። እጇን ያዝኩት። ሜትሮ ውስጥ መብላትና መጠጣት 100 ድርሃም ያስቀጣል። "ለቆሎ?" "ለቆሎም።" ቦርሳዋን ዘጋች፤ ከዚያ እስክንወርድ አላናገረችኝም።

ከከተማው ስትመጡ ባቡሩ መጀመሪያ ተርሚናል 1፣ ቀጥሎ ተርሚናል 3 ይቆማል።

ተርሚናል 3 ሌላ ዓለም ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ወለሉ ሲደመር ከ1.7 ሚሊዮን ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ትልቁ ክፍሉም ከመሬት በታች ነው። ያኔ ከመጀመሪያው ቀን ጋር ስታስተያዩት ይገርማል። አየር ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር አውሮፕላን የሚያርፈው በተጠቀጠቀ አሸዋ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም አቀፍ መንገደኞች ብዛት የለንደኑን ሂትሮው አለፈ። በ2023 ወደ 87 ሚሊዮን ሰው ተስተናግዶበታል።

ግን የሚያምረው ሁሉ ያለው ከፍተሻው ወዲያ ነው። ዘንባባው፣ የወርቅ ሱቁ፣ በሰዓት የሚከራዩት የመኝታ ክፍሎች፣ ቪዛ ሳይጠየቅ የሚታደርበት ሆቴል፣ ሁሉም አውሮፕላን ለሚቀይር ሰው የተሠራ ነው። ለሚቀበል ሰው ያለው አጥር፣ ጥቂት ወንበርና ውድ ቡና ነው። ዘመድ ልትቀበሉ ከሄዳችሁ አትቸኩሉ፤ አውሮፕላኑ ካረፈ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው ሰው የሚወጣው። ቦሌ ቢያንስ ከውጭ ቆሞ ማውራት፣ ማሽላ ፈንዲሻ መብላት ይቻላል።

ወንድሜ ወጣ። ስለ መገናኘቱ ብዙ አልጽፍም። እማዬ እልል አለች፤ ሁለት ፖሊሶች ዘወር ብለው አዩን፤ አንዱ ፈገግ አለ።

ከዚያ ሹፌሩ ጠፋ። ስልጠናውን ያዘጋጁት ሰዎች የመደቡት ሆቴል መኪና እልካለሁ ብሎ ነበር። ወንድሜ ይደውላል፣ ሹፌሩ "በሩ ላይ ነኝ" ይላል። እኛም በሩ ላይ ነን። እንዲህ እያልን ግማሽ ሰዓት ሆነ። ለካ ሹፌሩ የተላከው ተርሚናል 1 ነው! ሆቴሉ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መስሎታል፤ ስሙን አይቶ ይሆናል። በስተመጨረሻ ሰላም ስልኩን ተቀብላ በአረብኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ መኪናው በአሥር ደቂቃ መጣ።

ዶሮውን ሰላም ቤት በላን። አፓርታማውን ከሦስት ፊሊፒናውያን ጋር ነው የተከራየችው። ኩሽናው ሁለት ሰው አያቆምም። ልጆቹ መጀመሪያ በርበሬው አሳላቸው፤ በኋላ እንቁላሉን ለየብቻ አነሱ። ሰላም ሲመሽ የሚያዝያውን ጎርፍ ታሪክ አወራችን። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 አገሪቱ ላይ የወረደው ዝናብ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከተመዘገበው ሁሉ ከባዱ ነበር። ማኮብኮቢያው ሐይቅ መሰለ፤ በረራ ተሰረዘ። እሷ የሚተካት ሰው መድረስ ስላልቻለ ካፌው ውስጥ አደረች። "ሰው መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ ተኛ። ሀብታሙም ድሀውም እኩል ሆነ" አለች።

ከእሑድ እስከ ማክሰኞ

ወንድሜ ቀን ቀን ስልጠና ላይ ነው። እኛ ጾመኞች ነን፤ ፉል፣ ፈላፍልና ሁሙስ ስላለ አልተቸገርንም። የወርቅ ገበያ ሄድን። የቀኑ የግራም ዋጋ በየካራቱ ተሰቅሎ ይታያል፤ በእሱ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ በእጅ ሥራው ዋጋ ላይ ነው። እማዬ አንድ ቀጭን የአንገት ሐብልና መስቀል ለማስቀነስ የፈጀችው ጊዜ ሻጩን ወንበር እስኪያመጣላት አደረሰው። ገዛች።

ደረሰኙ ላይ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ጎብኚ ከ250 ድርሃም ጀምሮ ከገዛ ሲወጣ አብዛኛውን ያስመልሳል። ግን ሲከፍል ፓስፖርት አሳይቶ በዚህ ሥርዓት ማስመዝገብ አለበት። ተራ ደረሰኝ ይዞ ኤርፖርት መሄድ ዋጋ የለውም።

ረቡዕ ሌሊት፣ ተርሚናል 1 እንደገና

የሁላችንም በረራ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። የእኛ ከ1፣ የወንድሜ ከ3። አብሮን በታክሲ መጣ፤ ሻንጣ ያለን ሰዎች ሜትሮ አይሆነንም። ሜትሮው ለአንድ ሰው ከአንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሻንጣ በላይ አይፈቅድም።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ታክስ ማስመለሻው ነው። ይሄን ቅደም ተከተል ያዙ፤ ሻንጣ ሳይገባ ነው። ዕቃውን አሳዩን ሊሉ ስለሚችሉ ቼክ ኢን ካደረጋችሁ በኋላ ብታስታውሱት ሻንጣው ሄዷል። ከታክሱ 85 በመቶው ይመለሳል፤ ከዚያ ላይ በእያንዳንዱ ደረሰኝ 4 ድርሃም ከ80 ይቆረጣል።

ቀጥሎ ብርድ ልብሱ መጣ። እማዬ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝታለች። ሰላም ጠቅልላ፣ በላስቲክ ሸፍና፣ በገመድ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። እንደ ዕቃ አሳሰር የሚያምር ነው። ካውንተሩ ላይ ያለው ልጅ ግን ገና ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። ክብ ነዋ! እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ እዚህ ክብ ወይም ቅርጽ የለሽ ጥቅል አይቀበሉም፤ ቢያንስ አንድ ጠፍጣፋ ጎን ሊኖረው ይገባል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከሥር ያለው የሻንጣ ማጓጓዣ ቀበቶ ረጅም ነው፤ የሚንከባለል ነገር መስመሩን ይዘጋል። ክብደቱም በአንድ ዕቃ ከ32 ኪሎ ማለፍ የለበትም።

ከኋላችን ያሉ ሁለት ልጆች ሲያዩን የራሳቸውን ጥቅል በእግራቸው ጠፍጣፋ ለማድረግ መርገጥ ጀመሩ። አልሠራም። ሁላችንም ወደ ማሸጊያው ሄድን፣ ከፍለን በካርቶን አስደረግነው። እማዬ የተፈታውን ገመድ ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተች።

ወንድሜ ከዚያ በሜትሮ አንድ ፌርማታ ሄዶ ተርሚናል 3 ገባ። ከበሩ ላይ ሆኖ ሦስት ጊዜ ደወለ።

ፍተሻውን ካለፍን በኋላ እማዬ አንድ የሚያብረቀርቅ መኪና መሃል አዳራሽ ቆሞ አየች። "ማን ነው እዚህ ያስገባው?" የዲዩቲ ፍሪው ዕጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ መኪና ያወጣሉ። አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣው ሌላ ዕጣ ደግሞ አለ፤ ትኬቱ 1,000 ድርሃም ነው፣ ከ5,000 በላይ አይሸጥም። "እኔ የእኛን አድማስ እቆርጣለሁ" ብላ አለፈች።

ጌት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ እንደ ድሮው በድምፅ ማጉያ ስም እየጠሩ አይለምኑም። ጸጥታው ይመቻል፤ ለሚያንቀላፋ ሰው ግን አደገኛ ነው። የጌት ቁጥር የሚታየው ሰሌዳው ላይ ብቻ ነው። ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉ። ሰዓቱ የፈረንጅ መሆኑንም አትርሱ። አጠገባችን የተቀመጠች ልጅ ቦርዲንግ ካርዷ ላይ ያለውን 04 በእኛ አቆጣጠር አንብባ "በረራው ገና ጠዋት አራት ሰዓት ነው" እያለች ጫማዋን አውልቃለች። እማዬ ቀሰቀሰቻትና ቆሎ ሰጠቻት።

አውሮፕላን ላይ የጾም ምግብ ቀድመን አዘን ስለነበር ለእኛ ከሁሉ በፊት መጣ። ይህን ቢያንስ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ማዘዝ ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ቦሌ

ካርቶኑ አንድ ጥጉ ተጨፍልቆ ደረሰ፤ ብርድ ልብሱ ደህና ነው። ዱባዮች ይህ ሁሉ ሕንፃ ጠቦናል ብለው ሁሉንም በረራ ከከተማው ራቅ ወዳለው አል መክቱም ኤርፖርት ሊያዛውሩ አቅደዋል። ባለፈው ሚያዝያ የ128 ቢሊዮን ድርሃም ዕቅድ ይፋ አድርገዋል፦ አምስት ማኮብኮቢያ፣ 400 ጌት። ያ ሲሆን ሰላም ወደ ሥራ በምን እንደምትሄድ አላወቀችም።

ከበር ስንወጣ ባለታክሲው እስከ ሳሪስ 1,000 ብር አለ። እማዬ ካርቶኑ ላይ ተቀምጣ "ዱባይ በ38 ነው የሄድነው" አለችው። "ማዘር፣ 38 ምን?" እሷ መልስ አልሰጠችም። በ600 ተስማማን፤ ካርቶኑን ራሱ ጫነው።